እሱ ይሰማል፣ እኛ አንሰማም፦ በአንድ የቤት ስልክ ማዞሪያ ላይ የተሰጡ 31 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ሰው ጥያቄ ጠይቆ፣ ከሥሩ 31 መልሶች ተከታትለው ተጽፈዋል፤ እንዲህ ያለውን ክር ይሉታል። ጠያቂው ነገሩን የጀመረው በትሕትና ነው። ቤቱ ውስጥ ትንሽ የስልክ ማዞሪያ ሠርቷል። ራስበሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ገዝቶ አስተሪስክ የሚባለውን የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ጫነባት። ሥራ ክፍሉ ውስጥ አንድ የጠረጴዛ አይፒ ስልክ አስቀመጠ። እናቱ ክፍል ያለውን አሮጌ ስልክ ደግሞ በአዳፕተር አገናኘው። በራሱ ሞባይል ላይ የጥሪ አፕ አለ። የውስጥ ቁጥሮቹ 101፣ 102 እና 103 ናቸው። ቤት ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይደዋወላል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

ችግሩ 104 ነው። 104 ሌላ አገር የሚኖረው ወንድሙ ነው። ያው አፕ ሞባይሉ ላይ ተጭኖለት ከቤቱ ማዞሪያ ጋር ተገናኝቷል። ሲደውል የእናትየው ስልክ ይጮኻል። ያነሳሉ። ሃሎ ሲሉ ልጅየው ይሰማቸዋል። እሱ ሲናገር ግን እሳቸው ጋ ጭጭ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሃሎ ሃሎ ይባባላሉ፤ ከዚያ ጥሪው በራሱ ይቋረጣል። ጠያቂው ሦስት ሌሊት እንዳልተኛ ጽፎ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ለመነ።

መልስ 1 አድንቆት፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎሉን እንዲያይ መክሮ አለፈ። መልስ 2 ጠለቅ አለ። የኢንተርኔት ስልክ ሁለት መንገድ እንዳለው አስረዳ። አንደኛው ሲፕ የሚባለው ነው። ሥራው ደላላነት ነው። ማን ማንን እንደሚፈልግ ያሳውቃል፣ ስልኩን ያስጮኻል፣ ወሬው ሲያልቅ ይዘጋል። ድምፁን ራሱ አይሸከምም። ድምፁ የሚሄደው አርቲፒ በሚባል ሌላ መንገድ ነው። ሲፕ የሚገባው በፖርት 5060 ነው፤ ፖርት ማለት ቁጥር የተሰጠው የኔትወርክ በር ነው። ለድምፁ ግን አስተሪስክ፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ከ10000 እስከ 20000 ካሉት ፖርቶች እየመረጠ ይይዛል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ 5060 ብቻ ከተከፈተ ስልኩ ይጮኻል፣ ድምፅ ግን አይገባም። ደላላው ገብቶ ዕቃው ደጅ ቀረ ማለት ነው።

ጥሩ መልስ ነበር። ግን ጠያቂው መልስ 3 ላይ ሁለቱንም እንደከፈተ ተናገረ። የራውተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። እውነትም ተከፍተዋል።

መልስ 4 ጥፋቱን በሙሉ ልብ ኮዴክ ላይ ጣለው። ድምፁን ለመላክ የሚጠቀልለው ኮዴክ፣ ጂ 711፣ ኢንተርኔት ስለሚበላ፣ ወደ ጂ 729 ቢቀየር ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል ባይ ነው። እዚህ ላይ ክሩ መሞቅ ጀመረ።

የመልስ 5 ጸሐፊ ይህን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው ብሎ አጣጣለው። ኢንተርኔቱ ቢያንስ ኖሮ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር እንጂ በአንድ ወገን ብቻ ድርግም ብሎ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ሒሳቡን ዘረዘረው። ጂ 711 ድምፁን በሴኮንድ 64 ኪሎቢት አድርጎ ያወጣል። ድምፁ በ20 ሚሊሴኮንድ እየተቆረጠ ስለሚላክ በሴኮንድ 50 ቁራጭ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 160 ባይት ነው። በእያንዳንዱ ላይ 40 ባይት የአድራሻ ጽሑፍ ይለጠፋል። ሲደመር በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት ይሆናል። ይህ ደግሞ ለዛሬ ኢንተርኔት ምንም ማለት አይደለም። ጂ 729 ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ይጨምቀዋል። ይሁንና ያው 40 ባይት ስለሚለጠፍበት መንገድ ላይ ሲወጣ 24 ይሆናል። ፖስታው ከደብዳቤው እጥፍ ይከብዳል።

የፖስታው ነገር አሳቀኝ። መልስ 4 ግን አልሳቀም። መልስ 6 ላይ ተመልሶ መጥቶ፣ እሱ ይህን ሥራ የሚሠራው ሌሎቹ ፊደል ሲቆጥሩ ጀምሮ እንደሆነና ያኔ ለጂ 729 የፈቃድ ገንዘብ ይከፈል እንደነበር አስታወሰ። ያለው እውነት ነው። የፓተንት ጊዜው ያለፈው በ2017 ነው። ከወንድምየው ድምፅ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ሰውየው የተቀየመ ይመስላል።

መልስ 7 ከሁሉም ሸካራው ነበር። በነጻ የሚደወልባቸው አፖች ሞልተው ሳለ፣ ሰው ለምን ራሱን በኮምፒውተርና በገመድ እንደሚያሠቃይ ጠየቀ። ጥያቄ አይመስልም፣ ስድብ ቢጤ ነው። መልስ 8 ላይ ጠያቂው በእርጋታ መለሰ። እናቱ ዓይናቸው ደክሟል። የሞባይል ስክሪን አያዩም፣ ቢያዩም ጣታቸው ሌላ ቦታ ይነካል። የሚያውቁት ቀፎ አንስቶ ማውራት ነው። ያ አሮጌ ስልክ ደግሞ ሲጮኽ ከጓሮ ይሰማል። ሌላ ምክንያት እንደሌለው ጻፈ። ከዚህ በኋላ መልስ 7 ለረጅም ጊዜ ድምፁ አልተሰማም።

ክሩን ያዳነው ግን መልስ 9 ነው። አንድ መስመር ብቻ ነች። ጥሪው የሚቋረጠው ስንት ሴኮንድ ላይ እንደሆነ በሰዓት ተለክቶ ይነገረው ዘንድ ጠየቀ። በቃ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የጠፋውን ድምፅ ብቻ ሲያሳድድ ነበር። መቋረጡን ያስተዋለው የለም፤ እኔም ሳነብ ዘልዬው ነበር።

መልስ 10 ላይ ጠያቂው ሦስት ጊዜ ለክቶ መጣ። ሦስቱም 32 ሴኮንድ ናቸው።

መልስ 11 የዚያው የመልስ 9 ጸሐፊ፣ የዝምተኛው ሰው ነው፤ አሁን ግን ረጅም ጽፏል። በሲፕ ሕግ መሠረት ስልክ ሲነሳ፣ ያነሳው ወገን ለደዋዩ መልእክት ይልካል። ይዘቱ ሁለት ነገር ነው፦ መነሳቱን ያበስራል፣ ድምፁ ወደየትኛው አድራሻ እንደሚላክም ይነግራል። ደዋዩም መልእክቱ እንደደረሰው ማረጋገጫ መመለስ አለበት። አሁን የጠያቂው አስተሪስክ የሚያውቀው የቤት ውስጥ አድራሻውን ብቻ ነው፤ ያንን በ192.168 የሚጀምረውን። መልእክቱ ውስጥ የሚጽፈውም እሱኑ ነው። ራውተሩ መልእክቱን ሲያስወጣ የፖስታውን ላይ አድራሻ ይቀይራል፤ ናት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን አይነካም። ወንድምየው ጋ ሲደርስ አፑ ወረቀቱን ያነባል፣ ድምፁን ወደ 192.168 ይልካል። ያ አድራሻ ደግሞ እሱ ባለበት ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት የጎረቤት ክፍል ፕሪንተር ይሆናል። ድምፁ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ማረጋገጫውም ወደዚያው ይሄድና ይጠፋል። አስተሪስክ ማረጋገጫ ሲያጣ መልእክቱን ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። በ2002 የወጣው የሲፕ ደንብ፣ አርኤፍሲ 3261 የሚባለው፣ የትዕግሥቱን ልክ አስቀምጦለታል። መነሻ ጊዜው ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ የሚጠብቀው የዚያን 64 እጥፍ ነው። ግማሽ ሲባዛ በ64፣ 32 ሴኮንድ። ከዚያ ይዘጋል።

በሌላ በኩል የወንድምየው አፕ የራሱን የውጭ አድራሻ ስተን በሚባል ዘዴ አስቀድሞ አጣርቶ ስለሚጽፍ፣ ከቤት የሚላከው ድምፅ እሱን አያጣውም። ለዚህ ነው እናትየውን የሚሰማቸው። ሁለት የሚመስለው ችግር አንድ ነው።

እኔ ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ኮዴክ ስቀያይር የዋልኩበት ቀን ትዝ አለኝና ራሴን ታዘብኩ።

መፍትሔውን ለማቅረብ ደግሞ ሽሚያ ሆነ። መልስ 12 ከድሮ ፋይሉ ላይ ገልብጦ አንድ መስመር ለጠፈ። መልስ 13 ቱግ አለ። የተለጠፈው ቻን ሲፕ ለሚባለው ለአሮጌው ክፍል የሚሠራ ነው። እሱ ደግሞ ከአስተሪስክ 21ኛው ሥሪት ጀምሮ ጨርሶ ወጥቷል። አሁን ያለው ፒጄሲፕ ነው። ሰው ሳያጣራ እየለጠፈ ጀማሪውን ከድጡ ወደ ማጡ እንደሚከት ተቆጥቶ ጻፈ። ቁጣው በዛ እንጂ አልተሳሳተም። ከዚያ ትክክለኛዎቹን ሦስት መስመሮች ሰጠ። ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስ እና ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ የሚባሉት ላይ የቤቱ የውጭ አድራሻ ይገባል። ሎካል ኔት የሚለው ላይ ደግሞ የቤት ውስጡ ክልል ይጻፋል። አስተሪስክ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ላለ ሰው የውስጡን አድራሻ፣ ለሌላው ሁሉ የውጩን ይሰጣል።

መልስ 14 አንድ ነገር ጨመረ። ብዙ ራውተሮች ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ረዳት አላቸው። ወረቀቱን ከፍቶ አድራሻውን ሊያርም ይሞክራል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ ያበላሸዋል። ይጥፋ አለ። ከዚህ ክር የሚቃወመው ሰው ያልነበረው ምክር ይህ ብቻ ነው።

መልስ 15 የጠያቂው ነው። ሦስቱን መስመሮች ጻፈ፣ ረዳቱን አጠፋ፣ አስተሪስክን አስነሳ። ወንድሙ ደወለ። እናቱ ቀፎውን ይዘው ለአርባ ደቂቃ አወሩ። ጽሑፉ በደስታ የተነሳ የፊደል ግድፈት ሞልቶታል።

እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ገና ግማሹ ነው።

መልስ 16 የስልኩን ፎቶ አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። የሚዞር ስልክ ነው፤ ጣት እየተከተተ ቁጥሩ የሚሽከረከረው። አዳፕተሩ እንዴት ቁጥሩን ሊያነብ እንደቻለ ጠየቀ። የሚዞረው ስልክ ቁልፍ እንዳለው ስልክ ድምፅ አያወጣም። የመስመሩን ኤሌክትሪክ እየቆረጠ ነው የሚቆጥረው፤ 5 ሲዞር አምስት ጊዜ፣ 0 ሲዞር በአብዛኛው አገር አሥር ጊዜ። ይህን የሚረዱ አዳፕተሮች አሉ፣ ብዙዎቹ ግን አይረዱም። ጠያቂው መልስ 17 ላይ የእሱ እንደማይረዳ አመነ። ዘዴ ፈጥሯል። እናቱ ቀፎውን ሲያነሱ አዳፕተሩ ራሱ አንድ ቁጥር ይደውላል። ያ ቁጥር አስተሪስክ ላይ የሁለቱንም ልጆች ስልክ በአንድ ጊዜ ያስጮኻል። ቀድሞ ያነሳው ያናግራቸዋል። ምንም ማዞር አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ክር የወደድኩት ይህንን ነው።

ከዚያ ወሬው ሄደ። መልስ 18 ስለ አልመን ስትሮውጀር አነሳ። ሰውየው አሜሪካዊ ቀባሪ ነበር፤ ሥራው ሬሳ ገንዞ መቅበር ነው። የተፎካካሪው ዘመድ የሆነች የማዞሪያ ሠራተኛ ደንበኞቹን ወደዚያኛው ታዞርበት ነበር ይባላል። እሱም ተናዶ ሠራተኛ የማያስፈልገው ማዞሪያ ፈለሰፈ። ፓተንቱን ያገኘው በ1891 ነው፤ በተከታዩ ዓመት ኢንዲያና ውስጥ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። የሚዞረው ስልክ የዚያ ልጅ ነው። መልስ 19 ደግሞ አስተሪስክን የፈጠረው፣ ያኔ ተማሪ የነበረው ማርክ ስፔንሰርም በ1999 ለትንሽ ድርጅቱ ማዞሪያ ፈልጎ ዋጋው ስላልተቻለው ራሱ መጻፍ እንደጀመረ ጨመረ። ቀባሪውም ተማሪውም ማዞሪያ ያናደዳቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

መልስ 20 የራሱን ጉድ አወራ። አዳፕተር ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ቀዳዳዎች መልካቸው አንድ ነው። ኤፍኤክስኤስ የተባለው ለስልክ ቀፎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነው። ኤፍኤክስኦ የተባለው ከግድግዳ የሚመጣውን መስመር የሚቀበል ነው። እሱ የግድግዳውን መስመር ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ቀዳዳ ሰካው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሰው ሲደውል ግን በመስመሩ ላይ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ የማስጮኺያ ኃይል መጣ። አዳፕተሩ ትንሽ ሸተተ፣ ከዚያ ዳግም አልበራም።

መልስ 21 ሁሉንም ወደ ቁም ነገሩ መለሳቸው። 5060ን ለዓለም የከፈተ ሰው ሎጉን፣ ማለትም ማዞሪያው የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ እንዲያይ አዘዘ። ልመና አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ቀንና ሌሊት ክፍት የስልክ ማዞሪያ የሚያስሱ ሮቦቶች አሉ። 100፣ 101፣ 102 እያሉ የውስጥ ቁጥር ይገምታሉ፤ ፓስወርዱንም ያንኑ ቁጥር አድርገው ይሞክራሉ። ማዞሪያው ወደ ውጭ የሚደውልበት ሒሳብ ካለው፣ ደቂቃው ውድ ወደሆነ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ይደውሉበታል። ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ጠያቂው ወደ ውጭ የሚያስደውል ሒሳብ ስለሌለው ጆሮ ዳባ ልበስ ሊል ፈልጎ ነበር። ሎጉን ሲያይ ግን ደነገጠ። መልስ 22 ላይ እንደተናዘዘው የ101 ፓስወርድ 101 ነበር።

እዚህ ላይ ጸብ ተነሳ። መልስ 23 ፖርቱን ከ5060 ወደ ሌላ ቁጥር ቀይር አለ። መልስ 24 ይህ በሩን ሳይቆልፉ መጋረጃ መጣል እንደሆነ ነገረው። 23ኛው ደግሞ መጋረጃም ቢሆን የሎጉን ጫጫታ እንደሚቀንስ ተከራከረ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ያንን ለመቀበል ዝግጁ አልነበሩም። አንዱ የሌላውን ሙያ እስከመጠራጠር ደረሱ። መካከል ላይ ያ በኮዴክ ነገር የተቀየመው ሰው ብቅ ብሎ፣ የዘንድሮ ልጆች መከባበር እንደማያውቁ በመልስ 25 ጽፎ ሄደ።

መልስ 26 ለሁለቱም ጆሮ ሳይሰጥ ዋየርጋርድን አመጣ፤ በኢንተርኔት ውስጥ የተመሰጠረ የግል ዋሻ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የወንድምየው ሞባይል በዋየርጋርድ ዋሻ ወደ ቤቱ ኔትወርክ ይግባ፤ የሲፕም የድምፅም ፖርቶች ሁሉ ይዘጉ። የሚከፈተው አንድ ፖርት ብቻ ነው። እሱም ቁልፍ ለሌለው ሰው ጨርሶ መልስ አይሰጥም፤ ሮቦቶቹ እዚያ በር እንዳለ አያውቁም። ከ2020 ጀምሮ ከሊኑክስ ከርነል፣ ከሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ጋር አብሮ ስለሚመጣ መጫኑም ቀላል ነው። ሌላም ጥቅም ጠቀሰ። ስልክ ናትን ማለፍ ስለማይኖርበት የአድራሻው ራስ ምታት ይቀራል።

ጠያቂው ይህን አደረገ። መልስ 27 ላይ እንደጻፈው፣ ወንድሙ ደወለ፣ እናቱ አነሱ፣ ጭጭ። 32 ሴኮንድ። ተቋረጠ።

እዚህ ላይ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ራስበሪ ፓይዋን በመስኮት ሊወረውር እንደቃጣው አልሸሸገም።

መልስ 28 ዝምተኛው ነው። እንደገና አንድ መስመር። የዋየርጋርዱ ክልል ሎካል ኔት ላይ ተጽፎ እንደሆነ ጠየቀ። አልተጻፈም ነበር። ወንድምየው አሁን የሚመጣው 10.8.0.0/24 ከሚባለው ክልል ነው። አስተሪስክ ያንን ስለማያውቀው እንደ ውጭ ሰው ቆጥሮት የውጩን አድራሻ ይሰጠዋል። የውጩ በር ደግሞ ተዘግቷል። ያው በሽታ፣ በተገላቢጦሽ። አንድ መስመር ተጨመረ፣ ነገሩ አለቀ።

መልስ 29 ስለ መብራት ነው። የድሮ የስልክ መስመር ከማዞሪያው ጣቢያ 48 ቮልት ያህል ይዞ ይመጣ ስለነበር ቤት ውስጥ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የዚህኛው ግን ራውተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ለራውተሩ፣ ለፓይዋና ለአዳፕተሩ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ይገዛ፤ ለድንገተኛ ጥሪ ደግሞ እናትየው አጠገብ ሞባይል ይኑር አለ። ሚሞሪ ካርድ መብራት በድንገት ሲሄድ እንደሚበላሽም አስታውሶ፣ የተጻፉት ፋይሎች ሌላ ቦታ ይገልበጡ ብሎ አጥብቆ አሳሰበ።

መልስ 30 ላይ ጠያቂው ሁሉንም አመስግኖ አንድ የቀረች ነገር አነሳ። ወንድሙ ሲያወራ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይሰማዋል። መልስ 31 ምክንያቱን ነገረው። አሮጌው ስልክ የሚላከውንም የሚመጣውንም ድምፅ በሁለት ሽቦ ነው የሚያስተናግደው። አዳፕተሩ ሁለቱን ሲለይ በትክክል ካልተጣጣመ የመጣው ድምፅ ከፊሉ ወደመጣበት ይመለሳል። ወደ ቀፎው የሚገባውን ድምፅ መጠን ዝቅ ማድረግ ይቀንሰዋል።

ጠያቂው ከሥሩ እንዳከለው፣ ዝቅ አደረገው፤ ማሚቶው ጠፋ። እናቱ ግን ልጃቸው ለምን እንደሚያንሾካሹክ ጠየቁ። ስለዚህ መልሶ ከፍ አደረገው። ወንድምየው ራሱን እየሰማ ማውራት ለምዷል።